ቡሬ የቀሩት የሰሊንፎርድ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ ሰሊንፎርድ ከጎረቤታችን ከሽኩዳድ ቀጥላ ያለች ከተማ ትመስለኝ ነበር። አባቴ አንዷለም ተረት አያውቅም፤ በተረት ፋንታ የሚነግረን ስለ እሷ ነው። ወንዝ ዳር የተኛች ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ፣ ከድልድዩ አጠገብ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ፖስታ ቤት፣ ወረድ ሲሉ የውሃ ወፍጮ፣ ከዚያም ሰው የሚያሻግር ባለጀልባ። አድጌ ከተማዋ እንግሊዝ አገር መሆኗን ስረዳ «ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ወፍጮው የኔ ነበር» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ቡሬ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲማር ሚስ ዶራ የሚባሉ ወጣት እንግሊዛዊት አስተማሪ ነበሩ። መጽሐፍ ስላልነበረ የተወለዱባትን ከተማ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በድንጋይ ደረደሯት። ቦዩ ወንዝ ሆነ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤትና ሥራ ሰጡት። ልጆቹ በዚያች ከተማ መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ ሲገበያዩ፣ ሲጠያየቁ፣ ሲጣሉም፣ ሁለት ዓመት ከረሙ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ሚስ ዶራም ወደ አገራቸው ገቡ። አባቴ ከዚህ ዓለም ከተለየ አራት ዓመት ሆኖታል።

በጥር መጀመሪያ ላይ እኔ እንግሊዝኛ በማስተምርበት የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት በኩል በአባቴ ስም ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው የሚስ ዶራ የእህት ልጅ ናት። አድራሻውን ያገኘችው ከአንድ የቆየ ፖስታ ጀርባ ነው። አክስቷ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የሰሊንፎርድ ሰዎች የድሮዋን ወንዝ ዳር ትዝታ ሰብስበው በመጽሐፍ ሊያወጡ ነው፤ ወፍጮው ፈርሷል፣ የዳር ቤቶቹ ተነሥተዋል፣ የሚያስታውሱት ሰዎችም እያለቁ ነው። ሚስ ዶራን ሲጠይቋቸው ግን መልሳቸው አንድ ብቻ ነው፦ «ቡሬ ያሉትን ልጆቼን ጠይቁ። ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቋታል።» የእህታቸው ልጅ ቀጥላ እንዲህ ትላለች፦ «አክስቴ አእምሯቸው እየደከመ እንደሆነ ሁላችንም ተረድተናል። እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ያውቅ እንደሆን መጠየቄንም ራሱ አፍርበታለሁ።»

ያናደደኝ ያ «አፍርበታለሁ» የሚለው ቃል ነው። አባቴ የአንዲት አሮጊት ቅዠት ሆኖ ሊቀር ነው ማለት ነው! የአጋማሽ ዓመቱ እረፍት ደርሶ ስለነበር ሰዎቹን ፈልጌ፣ ቃላቸውን በስልኬ ቀድቼ ልልክላት ወሰንሁ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለዚሁ ሳወራ የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ ከት ብሎ ሳቀ።

«የላህ ወንዝን ትዝታ ማን ጻፈው እስቲ? የራሳችን ሳይጻፍ የፈረንጅ መንደር ትዝታ ልትለቅሚ ነው?»

«የላህን አንተ ጻፈው፤ ብዕር ከሌለህ ላውስህ። እኔ የማመጣው የአባቴን ነው» አልሁት።

ሐሙስ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ያን ቀን ግን ከማንኩሳ አለፍ እንዳልን የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን አሸክሞ ወደ ማንኩሳ ሲመለስ እኛ ጥላ ፍለጋ ተበተንን። ከመንገዱ ዳር ቤቷ ያለች አንዲት ሴት ስንቀመጥ አይታ በርጩማ አወጣችልን፤ ቀጥላም ውሃ፣ ቀጥላም ቆሎ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ስንሄድ «ምነው ምሳ ሳትቀምሱ?» ብላ ተቆጣች። እኛ ፍኖተ ሰላሞች የቡሬ ሰው ቁጡ ነው እንላለን። ቁጣው እንዲህ ከሆነ ዕድሜ ይስጠው።

ቡሬ ገና ከመኪናው ሳልወርድ በማስነጠስ ተቀበለችኝ። የበርበሬ ወቅት ነው። በየግቢው፣ በየሸራው፣ በየጣሪያው ላይ ቀይ ሆኖ ተሰጥቷል። ነዋሪው ለምዶታል፤ እንግዳ ግን ከነሻንጣው እያስነጠሰ ሲያልፍ ሕፃናቱ «ይማርሽ! ይማርሽ!» እያሉ ይከተላሉ። ያረፍሁበት ሆቴል አልጋው ንጹሕ ነው፤ ውሃው ግን እንደኛው አገር ውሃ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይቀራል። አስተናጋጇ በባልዲ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝና «ለመምህር ነው፤ ለነጋዴ አላሞቅም» አለችኝ።

ዓርብ

አያ ዘለቀን ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም። አባቴ ሁልጊዜ «ባለጀልባው» እያለ የሚያነሳቸው ሰው ናቸው፤ ከገበያው ጥግ ልብስ ሲሰፉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። የአንዷለም ልጅ መሆኔን ስነግራቸው የስፌት መኪናውን አቆሙ።

«የወፍጮው ልጅ!» አሉ። እኔን ሳይሆን አባቴን ማለታቸው ነበር።

ደብዳቤውን እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። «አእምሯቸው እየደከመ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምሁት። ለአንድ ደንበኛ ሊቆርጡት ያነጠፉትን ጥቁር ጨርቅ በእጃቸው አቃንተው ነጭ ጠመኔ ያዙ። መጀመሪያ ወንዙን ሳቡት፤ ጠመዝማዛ ነው። ቀጥሎ ድልድዩን፣ ከዚያ ቤቶቹን አንድ በአንድ። በየቤቱ ላይ ሲደርሱ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፦ ከድልድዩ ሥር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመጠጥ ቤቱ መካከል። እኔ ለተማሪዎቼ እነዚህን መስተዋድዶች ለማስገባት ዓመት ይፈጅብኛል። እሳቸው ጨርቅ ላይ በሩብ ሰዓት ጨረሷቸው። ሁሉንም በስልኬ ቀዳሁ።

«የኔ ይህን ያህል ነው» አሉ ጠመኔውን አስቀምጠው። «ግማሹ ጠፍቶብኛል። ሙሉዋን ከተማ የያዘችው ይታይሽ ናት፤ ፖስተኛዋ። ከሁላችንም ጭንቅላት የነበራት እሷ ነበረች።»

«የት አሉ?»

«በሽንዲ መንገድ፣ የፈጠምን ወንዝ ተሻግሮ ገጠር ናት። ስድስተኛ ክፍል ሳንጨርስ ዳሯት። አንድ ጠዋት ስንመጣ ፖስታ ቤቱ ባዶ ነው። ሌላ ልጅ ልተካ ቢል ሚስ ዶራ እንቢ አሉ። ‹ፖስተኛዋ ትመለሳለች› እያሉ እስከ መጨረሻው ቦታዋን አስጠበቁን።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ገበያ ላይ አንዳንዴ አያታለሁ። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ፣ አበቃ። ስለ ከተማዋ አንድም ቀን አላወራንም። ምን ብዬ ላውራት?»

ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ ስላቸው ተቆጡ። ባለቤታቸው እትዬ ባንቺ ደግሞ በእሳቸው ተቆጡ።

«በዚህ ጉልበትህ! ደረጃ መውጣት አቅቶህ የለም ወይ?»

«ሚስ ዶራን አበዱ ይሏቸዋል፣ ስሚ! እኔ እዚህ ቁልፍ ስተክል ልቀመጥ?»

እትዬ ባንቺ ወደ ጓዳ ገቡ። ኋላ ሽሮ አቅርበውልን ስንበላ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ከባለቤታቸው ጎን አስቀመጡ። ፈቃዳቸው ይኸው ነበር።

ቅዳሜ

በባጃጅ ተነሣን። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንሄድ «ከዚህ ወዲያ ዛሬ መኪና አያልፍም» ተባልን። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ መጠየቅ ከቀረ ሰነበተ። ባጃጁ ተመለሰ። እኔም ወደ አያ ዘለቀ ዞር አልሁ፤ እሳቸው ግን ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ጀምረዋል።

ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ይህ አገር እንዴት እንደሆነ ልንገር። መሬቱ ቀይ ነው፤ በቆሎው ታጭዶ አገዳው ቆሟል፤ በየአውድማው በሬዎች ጤፍ ላይ ይዞራሉ። የእኛ የላህ ዳር አትክልት አረንጓዴነት እዚህ የለም። በምትኩ ሰፊ ነው። ሰው ሰላምታ የሚጀምረው ከሩቅ ነው፤ ተገናኝቶ እስኪተላለፍ ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤናው ጠይቆ ይጨርሳል።

ወደ ማምሻው ፈጠም ደረስን። በጥር ውሃው ቀጭን ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። አያ ዘለቀ ጫማቸውን አውልቀው ፊት ሆኑ።

«ባለጀልባው እኔ ነኝ፤ ተከተዪኝ» አሉ።

እሳቸው በከዘራቸው ተሻገሩ። እኔ ወጣቷ አዳለጠኝና እስከ ወገቤ ገባሁ። ስልኬ በቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ዳር ወጥቼ ስነካካው መስታወቱ አንዴ በራ፤ ጠፋ። የአያ ዘለቀ ድምፅ፣ ጥቁሩ ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ተቀምጬ አለቀስሁ። ቀሚሴን ስጨምቅ አያ ዘለቀ ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

ማዶ መጀመሪያ ያገኘነው ቤት የወይዘሮ ጠጀና የባላቸው ነው። ከማን ቤት እንደመጣን ሳይጠይቁን እሳት አጠገብ አስቀመጡን። ስልኬን ሲያዩ ቁና ሙሉ ጤፍ አመጡና ቀበሩት። «የወንድሜን ልጅ ስልክ ያዳነው ይህ ነው» አሉ። ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር በላን፤ ጠላ ጠጣን። መደቡን ለቀውልን እነሱ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኙ። ብለምናቸውም እንቢ አሉ፤ «እንግዳ መሬት አስተኝቶ ማደር ለኛ ነው ነውሩ» አሉ።

እሑድ

ስልኩ ከጤፉ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ነበር። አልተነሣም። ወይዘሮ ጠጀ ከኔ ይልቅ አዘኑ። እኔ ግን ከቁጣዬ በቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ስላለኝ ተነሣን።

እትዬ ይታይሽን ያገኘናቸው ከቅዳሴ መልስ አውድማቸው አጠገብ ተቀምጠው ነው። አጭር ናቸው፤ ነጠላቸውን በጭንቅላታቸው አጥብቀው ያሰሩ፣ አይናቸው ሰውን የሚመዝን። ባላቸው ሞቷል፤ ልጃቸው ጌታነህ ቤቱን ይዟል። እኔ ቀድሜ ሰላምታ አቅርቤ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ እንግሊዝኛው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተሳስተሽ ነው የመጣሽው፣ ልጄ። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ገበሬ ነኝ።»

ጌታነህም «እማ አልተማረችም» አለ።

አያ ዘለቀ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ቀስ ብለው መጡና ከፊታቸው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ጉድ ሞርኒንግ» አሉ። «ኢዝ ዜር ኤ ሌተር ፎር ሚ?»

ለኔ የመጣ ደብዳቤ አለ ወይ ማለታቸው ነው።

እትዬ ይታይሽ አዩዋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ጌታነህ ምን እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እናቱ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«የስ» አሉ። «ዋን ሌተር። ሳይን ሂር።»

አዎ፣ አንድ ደብዳቤ አለ፤ እዚህ ላይ ፈርም። አያ ዘለቀ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

«እማ!» አለ ጌታነህ። «እንግሊዝኛ ከየት አመጣሽው?»

«ከትምህርት ቤት ነዋ! ከየት ይመጣል?»

«አልተማርሁም ትዪን የለም ወይ?»

«የጠየቀኝ የለም።» ወደ እሱ ዞሩ። «አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት አወጡኝ። ከከተማዋ ግን ያወጣኝ የለም። ውሃ ስቀዳ፣ ስፈጭ፣ አንተን ስወልድ፣ በዚያች ድልድይ ላይ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። አንድ ቤት አልጠፋብኝም።»

ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። እንደ አያ ዘለቀ አልተቆጡም፤ ቀዝቀዝ ብለው «እስክሪብቶ አለሽ?» አሉ። እኔ ልጽፍላቸው ደብተሬን ከፈትሁ። ከእጄ ወሰዱት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጻፉ። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ስፌት ቀጥ አድርገው፣ አንዳንዴ ብዕሩን አንሥተው ቃሉን በአፋቸው እየሞከሩ። አያ ዘለቀ ከጎናቸው ቁጭ ብለው ቤቶቹን ያስታውሳሉ፤ እሳቸው ያርሟቸዋል። ጌታነህ በሬዎቹን ውሃ ማጠጣቱን ትቶ ቆሞ ያይ ነበር። ሦስት ገጽ ሞላ። በአማርኛ ብመልሰው አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

«ውድ ሚስ ዶራ። እኔ ይታይሽ ነኝ። በሕይወት አለሁ፤ ዘለቀም አለ። ሰባት ልጅ ወልጃለሁ። ተመልሼ አልተማርሁም። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም።»

ከዚያ ከተማዋን ከድልድዩ ጀምረው ቤት ለቤት ይዘረዝሯታል፤ ጎርፍ ሲመጣ ሰዎች ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ቦታ እንደቧጨሩ ሳይቀር። መጨረሻው ላይ አያ ዘለቀም የማያውቁት ነገር ነበር። ሚስ ዶራ በሠርጉ ዋዜማ የእትዬ ይታይሽን እናትና አባት ሊለምኑ መጥተው ነበር። አልተሰሙም። ሲሄዱ ልጅቱን ብቻዋን አግኝተው እሳቸውም በአሥራ አራት ዓመታቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው በሰሊንፎርድ ልብስ እያጠቡ እንደኖሩ፣ በሃያ ዓመታቸው ወደ ትምህርት እንደተመለሱ ነገሯት። «ለማንም አትንገሪ ብለውኝ ነበር፤ አልነገርሁም። ዛሬ የምጽፈው ልብዎ እንዳልደከመ ዘመዶችዎ እንዲያምኑ ነው።»

ምሳ አልበላንም ነበር። ጌታነህ አሁን እናቱን በፍርሃት እንደሚያይ ልጅ ሆኖ እርጎና የዳጉሳ እንጀራ ራሱ አቀረበ። እዚያው አደርን።

ሰኞ

ጌታነህ እስከ ፈጠም ሸኘን፤ አያ ዘለቀን አዝሎ አሻገራቸው። በዚህ ጊዜ «ባለጀልባው እኔ ነኝ» አላሉም፤ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ቡሬ ገባን። እትዬ ባንቺ ባለቤታቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥለው ውሃ አሞቁ።

አያ ዘለቀ ያን ጥቁር ጨርቅ አልቆረጡትም ነበር። ጠመኔው እንዳይጠፋ ወደ ውስጥ አጥፈው ሰጡኝ። ደንበኛውስ ስላቸው «ሌላ ጨርቅ ይገዛል፤ ሌላ ከተማ የለኝም» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ኢንተርኔት አልነበረም። ገጾቹንና ጨርቁን አሽጌ በፖስታ ቤት ላክሁ። የታሪክ መምህሩ «ተገኘ ወይ?» ሲለኝ «አንተስ ላህን ጀመርህ?» አልሁት።

መልስ የመጣው በሚያዝያ ነው። የእህታቸው ልጅ ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ይቅርታ ይበዛበታል። አክስቷ ሦስቱን ገጽ ራሳቸው አንብበዋል። ልብስ አጣቢነቱን በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስትጠይቃቸው «እውነት ነው» ብለዋል። ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩ ደግሞ ዳቦ ቤቱ በግራ ሳይሆን በቀኝ መቀመጡን አይተው «ዘለቀ ቀኝና ግራውን ሳያውቅ አረጀ ማለት ነው» አሉ። አእምሯቸውን የሚመረምረው ሐኪምም ይህን በጆሮው ሰምቷል።

በደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። የመጽሐፉ አዘጋጆች የቡሬዎቹን ቃል ማተም ወድደዋል፤ ነገር ግን የት እንደሚያስገቡት ተቸግረዋል። «በሩቅ አገር ያሉ ወዳጆቻችን» በሚል ርዕስ ሥር ቢሆን ቅር ይላቸው ይሆን?

ለጌታነህ ደውዬ እናቱን አገናኘኝ። እየተረጎምሁ ነገርኋቸው። ከበስተጀርባቸው ዶሮ ይጮኻል።

«ወዳጅ ማለት ሊጠይቅ መጥቶ የሚሄድ ነው» አሉ። «እኔ እዚያ ኖሬያለሁ። የአባትሽንም፣ የዘለቀንም፣ የኔንም ስም፣ ነዋሪ ብለው ይጻፉት። ካልሆነ ስሜን ያውጡት፤ እኔ አልለምንም።»

«እንዲህ ብዬ ልጻፍላቸው?»

«እንዲሁ። አታለስልሺው።»

አላለሰለስሁትም።

መጽሐፉ በሰኔ ደረሰኝ። «ነዋሪዎች» ይላል የምዕራፉ ርዕስ፤ የቡሬዎቹና የሰሊንፎርዶቹ ስሞች ተቀላቅለው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድረዋል። አባቴ አንዷለም ከሁሉ ቀድሞ፣ ይታይሽና ዘለቀ ጎን ለጎን መጨረሻ ላይ። ከስማቸው አጠገብ ስለ ኢትዮጵያ የሚያብራራ ማስታወሻ የለም።